አጎቴን የቀጠርኩ ጊዜ

የምሸጠው የሰርግ ዕቃ ነው። አርቴፊሻል አበባ፣ ሪባን፣ የሙሽራ መኪና ማስጌጫ፣ የሚዜ ከረባት፣ ቁመቱ ሙሽራዋን የሚያህል ሻማ። ሱቁ ከሲኒማ ራስ ወደ አንዋር መስጊድ ሲሄዱ ገባ ብሎ ያለ፣ እናቴ ተከራይታ ያቆየችልኝ፣ አራተኛ ሰው ሲጨመር አንዱ ትንፋሹን መሰብሰብ ያለበት ጠባብ ሱቅ ነው። ወረርሽኙ ገብቶ መሰብሰብ ሲከለከል የአገሩ ሙሽራ ሁሉ ቤቱ ተቀመጠ። ሳሙና የሚሸጠው ሠራ፤ ምግብ የሚሸጠው ሠራ። እህል በረንዳ ያሉት ዘመዶቼ የጤፍ ጆንያ ሲያራግፉ ውለው ዱቄት በዱቄት ሆነው ሲያገኙኝ፣ "አንተስ፣ ሥራ እንዴት ነው?" ብለው ይስቁብኛል። እኔ ከሻማዎቹ ላይ አቧራ እጠርጋለሁ።

አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ነበሩ። እናቴ የቀጠረቻቸው፣ እሷ ካለፈች በኋላ ከሱቁ ጋር የወረስኳቸው፣ ሥራውንም ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። የሙሽራ እናት ገና ከደጅ ስትታይ ኪሷንም፣ ከልጇ አማቶች ጋር የያዘችውንም ፉክክር አንብበው ይጨርሳሉ። ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉት በዚህችው ሥራ ነው። ሰርግ በቆመ በሁለተኛው ወር "እትዬ፣ እስኪያልፍ ድረስ እቤትዎ ይረፉ" አልኳቸው።

"እረፍት ይበላል እንዴ ልጄ?" አሉኝና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ያቺ ቃል ሳምንት ሙሉ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር ትመጣብኝ ነበር።

ድጎማው የመጣው ያኔ ነው። በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ ተባለና፣ ማንበብ የማይወደው መርካቶ በአንድ ቀን አንባቢ ሆነ። ሠራተኛውን ያልበተነ ነጋዴ፣ የሠራተኞቹን ደመወዝ ግማሽ መንግሥት ለስድስት ወር ይከፍልለታል። ግዴታው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሠራተኞቹ ከሁለት ማነስ የለባቸውም። ሁለተኛ፣ ድጋፉ ካለቀ በኋላም ለስድስት ወር ማንንም ማሰናበት አይቻልም፤ ያሰናበተ የበላውን ይተፋል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ግን አይቆጠርም። ሁለተኛውን ግዴታ "ያኔ ደግሞ እግዜር ያውቃል" ብዬ አለፍኩት። የቸገረኝ አንደኛው ነበር። እትዬን መልሼ ጠራሁ፤ እልል ብለው መጡ። ሌላውን ሠራተኛ ግን ከየት ላምጣ?

እውነቱን ልናገር፤ የመርካቶ ሰው ሠራተኛ ሲጎድለው ዘመድ ይቆጥራል። በዚያ ሰሞን በእኛ መስመር ሥራ የፈታ ዘመድ አልነበረም። የሰርግ ጥሪ ካርድ የሚሸጠው ጎረቤቴ የሚስቱን እናት "የሽያጭ ባለሙያ" ብሎ አስመዘገባቸው። ሴትዮዋ ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ፣ ከፍራሻቸው ሳይነሡ ተቀጠሩ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። የውሃ መክፈያ ደረሰኝ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ሰጥተው ፋይል ያደርጋሉ። ያስጻፍኩትን የቅጥር ውል ፊታቸው ዘረጋሁና "ጋሼ፣ ለፎርማሊቲ ያህል ነው፤ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ሦስት ጊዜ አነበቡት። "የሥራ ሰዓት አልተጠቀሰም" አሉና፣ በገዛ እጃቸው "ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል" ብለው ጨመሩበት። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ፈረሙ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ማስክ አድርገው ከተዘጋው ሱቅ ፊት ቆመዋል። ክው አልኩ።

"ጋሼ፣ ምነው በደህና? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ሥራ ገብቼ ነው" አሉና ሰዓታቸውን አዩ። "አንድ ሰዓት አርፍደሃል።"

"አይ ጋሼ፣ እኔ እኮ ያልኩዎት…"

"ፈርሜአለሁ" አሉ። እሳቸው ዘንድ ከዚህ በኋላ ወሬ የለም።

ያኔ በየሱቁ በር ላይ ስንት ሰው መግባት እንደሚችል የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። የእኛ ላይ "ከሦስት ሰው በላይ ክልክል ነው" ይላል። ጋሼ አንድ፣ እትዬ ሁለት፣ እኔ ሦስት። ሞላን። አልፎ አልፎ ልጇን ቤቷ ውስጥ የምትድር ደንበኛ ስትመጣ አንዳችን መውጣት አለብን። ማን ይውጣ? ጋሼን ላስወጣ ነው? እትዬን? ታላቅ ሲገባ ብድግ ማለት ተገርፈን የተማርን ልጆች ነን። ስለዚህ ገበያ በመጣ ቁጥር የሱቁ ባለቤት ይወጣል። መንግሥት ሥራዬን ሊደግፍ ገንዘብ ሰጠኝ፤ በገንዘቡ ሱቁን በሠራተኛ ሞላሁና እኔ ፀሐይ ላይ ቀረሁ። የሙሽራ እናት ደግሞ ብቻዋን አትመጣም፤ እህቶቿ ከእኔ ጋር ደጅ ይቆማሉ። አንዷማ አዝናልኝ "አንተም ተራ እየጠበቅክ ነው?" ብላኛለች። አዎ አልኳት።

ከውጭ ሆኜ ውስጥ የሚሆነውን መስማት ደግሞ ሌላ ቅጣት ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ትልቁን የአበባ እቅፍ አንሥታ ዋጋ ጠየቀች። እትዬ ጠሩላት። "መጨረሻው?" አለች። ልቤ ሞቀ፤ መጨረሻው ብሎ የጠየቀ ሰው ገዝቷል ማለት ነው። ይኼኔ ጋሼ ከጥጋቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እመቤት፣ ይህ አበባ ውሃ ከነካው ቀለሙን ይለቃል። ባልዲ ውስጥ ነክሬ አይቼዋለሁ።"

ሴትዮዋ አበባውን እንደ ትኩስ ድስት ለቀቀችው። እትዬ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትለው፣ "የማለዳ ገበያዬ ነሽ፣ ባዶሽን አትመለሺብኝ!" እያሉ በግማሽ ዋጋ መለሷት። ጋሼ ደግሞ ደረሰኙ ላይ "ከውሃ ይጠበቅ" ብለው ጽፈው ሰጧት። እትዬ የዚያን ዕለት ከእሳቸው ጋር አልተነጋገሩም። ከሰዓት በኋላ ሻይ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ አሠሪው መሆኔ ነው።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። የእኔ ዕቅድ፣ በጋሼ ስም የሚመጣው ግማሽ ደመወዝ ለሱቁ ኪራይ እንዲሆነኝ ነበር። ጋሼ የደመወዝ መክፈያ ቅጽ በማስመሪያ አስምረው መጡ። የእትዬን ስም በአንደኛ፣ የራሳቸውን በሁለተኛ ረድፍ ጽፈዋል። "የምፈርመው እዚህ ነው" ብለው እስክሪብቷቸውን ከፍተው ቆሙ። ምን ልበል? ግማሹን ከመንግሥት፣ ግማሹን ከኪሴ አውጥቼ ከፈልኩ። ላም አለኝ በሰማይ አሉ፤ የእኔዋ ላም ጭራሽ መኖ እየጠየቀችኝ ነው። በሰኞው ጋሼ አዲስ ጥቁር ጫማ አድርገው መጡ። ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ብቅ እያደረጉ ሲያዩት ነበር።

በአራተኛው ወር ከወረዳው አንድ ወጣት ባለሙያ ለቁጥጥር መጣ። መጀመሪያ የገባው ጎረቤቴ ዘንድ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ውጭ ቆሜአለሁ፤ ውስጥ ደንበኛ አለች።

"የሽያጭ ባለሙያዋ የታሉ?" አለው።

"ለሶላት ወጥተዋል" አለ ጎረቤቴ።

ባለሙያው ሰዓቱን አየ። ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ነው። "እኔም ሙስሊም ነኝ እኮ ወንድሜ" አለው ቀስ ብሎ። ጎረቤቴ ማስኩን እስከ ዓይኑ ድረስ ሳበው። ባለሙያው የሆነ ነገር ጽፎ ወደ እኔ ዞረ።

"የዚህ ሱቅ ባለቤት የታለ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ውጭ ምን ትሠራለህ?"

"እየሸጥኩ ነው" አልኩት።

ደንበኛዋ ስትወጣ እሱ ገባ። ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሡ መታወቂያውን ጠየቁት። ስሙንና የመጣበትን ጉዳይ ባሕር መዝገብ ላይ አስፍረው፣ አስፈርመው፣ ከዚያ በኋላ "ምን እንርዳዎ?" አሉ።

"አባት፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"የመዝገብና የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ ነኝ።"

ባለሙያው ሱቁን ዙሪያውን ቃኘው። ክፍሉን እየፈለገ ይመስላል። ጋሼ የአራት ወር የሰዓት መቆጣጠሪያ ዘረጉለት። እትዬ አንድም ቀን አልቀሩም። ጋሼ አንድም ደቂቃ አላረፈዱም። በየገጹ በቀይ የተሰመረበት አንድ ስም ብቻ አለ፤ የእኔ። "ይህኛው ሠራተኛ ግን ችግር አለበት" አለ ባለሙያው። "እሱን እንመክረዋለን" አሉ ጋሼ። ልጁ በአድናቆት ፎቶ አነሣን፤ ከዚያም መስመሩን ሁሉ እየዞረ "የእነዚህን ዓይነት መዝገብ በሳምንት ውስጥ ካላየሁ ድጋፉ ይቋረጣል" ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር። በየሱቁ በስም ብቻ የተቀጠረው አክስት፣ አማት፣ የክርስትና አባት ሁሉ ከየቤቱ እየተለቀመ መጣ። ሰው እንዳይሰበሰብ በታዘዘበት ጊዜ የእኛ መስመር የለቅሶ ድንኳን መሰለ። ባለሱቆቹም በየበራቸው ውጭ ተሰለፉ። ጎረቤቴ ጥርሱን ነክሶ "አጎትህ አስፈጁን! ሴትዮዋን በኮንትራት ታክሲ ማመላለስ ጀመርኩልህ" አለኝ። ታክሲው ከድጎማው ይበልጥ ነበር።

የገንዘቡ ወሬ የመስመራችንን ሱቆች የሚያከራየን ሰውዬ ጆሮ የደረሰውም ያኔ ነው። መጣ፣ ከሩቅ ክርኑን ዘርግቶ ሰላም አለኝ። "መንግሥት አሰበላችሁ አሉ፤ እንኳን ደስ አላችሁ" አለና ኪራይ ጨመረ። መስመሩን በሙሉ እንዲሁ እንኳን ደስ አላችሁ እያለ ዞረ። ድጎማው በፊት በር ገብቶ በጓሮ ወጣ። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው። ድጎማው ባይመጣ ኖሮ የሰርግ ዕቃ ከምንሸጠው ግማሾቹ ይዘጉ ነበር፤ እኔም አልቅሼ ሸኝቻቸው ደንበኛቸውን እወርስ ነበር። አሁን ሁላችንም ተረፍን፤ ተርፈንም ሁላችንም አንዲት ሙሽራ ስንጠብቅ እንውላለን። የሰው ክፉ አልመኝም፤ ግን የንግድ ሰው ልብ እንዲህ ያስባል።

ስድስቱ ወር አለቀ። ሰርግ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ግን ሠላሳ ሰው የሚጠራበት፣ በቤተ ዘመድ የሚያልቅ ሰርግ ነው። ያቺ ገበያ ለአንድ ሠራተኛ እንጂ ለሁለት አትበቃም። መሄድ የነበረባቸው ማን እንደሆኑ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሱቁን የያዙት እትዬ ናቸው። ጋሼ የያዙት መዝገቡን ነው።

በገዛ ፈቃዳቸው እንዲለቁ ልነግራቸው ሞከርኩ። በመጀመሪያው ቀን "ጋሼ፣ ሥራው አልከበደዎትም?" አልኳቸው። "ሥራ የሚከብደው ለሚያረፍድ ሰው ነው" አሉና ሰዓት መቆጣጠሪያውን ወደ እኔ ገፉት። በሁለተኛው ቀን ምሳ ጋበዝኳቸው። ገና አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። "ይገርምሃል፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት የምነሣለት ነገር ያገኘሁት አሁን ነው" አሉ። ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁ። ባለቤቴ "አንተ ካቃተህ እኔ ልንገራቸው?" ብትለኝ "ወየውልሽ!" ብዬ ጮኽኩባት። የአባትን ታላቅ ወንድም "ከሥራ ተሰናብተዋል" የሚል ሰው በእኛ ቤት አልተወለደም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጋሼና እትዬ ምሳ በወጡበት ሰዓት፣ ቁጭ ብዬ አንድ ወረቀት ጻፍኩ። "በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ" ይላል። ስሙ የእትዬ ነው። እሳቸው እኔ የሰጠኋቸውን ወረቀት ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት፤ "አንተ ካልክ ልጄ" ብለው። ይህንንም አውቄ ነው የጻፍኩት። አጎትን ማባረር ነውር ነው፤ እትዬን ማባረር ኃጢአት ነው። እኔ ነውሩን ፈርቼ ኃጢአቱን መረጥኩ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከሪባኑ ሥር አስቀምጬ፣ ነገ አስፈርማለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እትዬ ገና አልመጡም። ጋሼ ሱቁን ከፍተው ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተዘርግቷል። አንደኛው የእኔው ነው። በላዩ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ "ተመርምሮ ውድቅ ሆኗል" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቁጥርና ፊርማ አለው። ሁለተኛው "ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃድ ሥራ ስለመልቀቅ" ይላል። ስሙ የጋሼ ነው።

ወረቀቴን ላነሣ እጄን ዘረጋሁ።

"ጋሼ…"

"በዚህ ቤት እኔ ሳላየው የሚያልፍ ወረቀት የለም" አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ መጀመሪያም የፈለግሁት ለስም ብቻ ነበር። ያኔ አልገባዎትም ነበር?"

መነጽራቸውን አወለቁና በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት። "ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሳነብ ኖሬ ያንተ አንዲት ገጽ ትጠፋኛለች? ሦስት ጊዜ ያነበብኳት ለምን መሰለህ? ባልመጣ ኖሮ አንተ ሌባ ነበርክ። ስመጣ አሠሪ ሆንክ። የወንድሜ ልጅ ሌባ ሲሆን ቤቴ ቁጭ ብዬ ልይ?"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"የዚያን ጊዜውን በመምጣት አዳንኩልህ" አሉ። "የትናንቱን ግን በመምጣት ማዳን አልችልም። ስለዚህ እሄዳለሁ። ፈርመህ ተቀበል።"

እንደ ልጅ አለቀስኩ። ጋሼ አላባበሉኝም፤ ወረቀቱ እንዳይርስ ብቻ ራቅ አደረጉት። ፈረምኩ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አለኝ አሉ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንድጽፍላቸው።

"ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?"

"ሰው ከሠራበት ቤት ማስረጃ ሳይዝ አይወጣም።"

ጻፍኩ። "በሥራቸው ትጉህ፣ በጠባያቸው ምስጉን፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተግባቢ" አልኩ። ጋሼ አነበቡና መለሱልኝ፤ የደብዳቤ ቁጥር የለውም። ደግሜ ጻፍኩ፤ አሁንም መለሱልኝ፤ ማኅተሙ ዘሟል። በሦስተኛው ተቀበሉ፤ አራት ቦታ አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ። እትዬ ሲደርሱ ጋሼ ቆመው ጠበቋቸው። "ሥራዬን ጨርሻለሁ" ብቻ አሏቸው። እትዬ ምኑም አልገባቸውም፤ ብቻ "አባባ፣ አበባው ቀለሙን ሲለቅ ማን ይናገርልናል?" ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ውድቅ የሆነውን ወረቀት ጋሼ ይዘውት ሄደዋል፤ እትዬ ዛሬም ድረስ አያውቁም።

ረፋዱ ላይ አንዲት የሙሽራ እናት መጣች። እሷ ስትገባ እኔ ብድግ ብዬ ወጣሁና እንደ ወትሮዬ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። እትዬ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"ወዴት ነው የምትሄደው ልጄ? ዛሬ እኮ ቦታ አለ።"

እውነታቸውን ነው። የጋሼ ወንበር ባዶ ነበር። ተመልሼ ገባሁ፤ እላዩ ላይ ለመቀመጥ ግን አልደፈርኩም፤ ቆሜ ዋልኩ።